ከተማ የሚያረጋጋ ስም

ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ከደጁ የተኮለኮለውን ሰው በክርኗ እየከፈለች ስትገባ፣ ወንዳወቅ ስልክ ከሚደረደርበት መስታወት ሥር በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። እግሮቹ ገጥመዋል፣ ዓይኑ ተከድኗል። ከጭንቅላቱ ሥር ሲሚንቶው ላይ የረጋው ደም ባይኖር፣ ክንዱን ነቅነቅ አድርጋ «ተነሥ እንጂ፣ ገበያው ደረሰ» ባለችው ነበር። እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው። ሁለቱ አውራ ጣቶቹ በነጭ ክር ተጣምረው ታስረዋል።

«አስረው ነው የገደሉት» አለ ሳጅን ክንዱ። ክንዱ ነገር ሳያይ የሚደመድም ሰው ነው፤ መኪና ግን እንደ እሱ የሚነዳ በወረዳው የለም። «እይው፣ በዚህ ነው የመቱት።»

የመዝጊያው መቀርቀሪያ ብረት ጥግ ላይ ተጥሏል። ጫፉ ላይ ደምና ፀጉር አለበት። ሠርክአዲስ ዙሪያውን ቃኘች። ስልኮቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው፤ መሳቢያው እንኳ አልተነካም። ሌባ ቢሆን አንዱን ስልክ ኪሱ ሳይከት ይሄዳል? ልቧን ደስ አላለውም።

ሬሳውን ያገኘችው ጎረቤቱ ጨርቅ ሻጯ ሉባባ ነበረች። ከደጃፏ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ ምኑንም አልነካሁ፣ ወላሂ! መዝጊያው ገርበብ ብሎ ሳየው ዛሬስ ቀደመኝ አልሁ። ገባ ብል ተኝቷል። ወንዳወቅ፣ ምነው ጤና የለህም? አልሁት። ከዚያ ደሙን ሳይ ጮህሁ።»

«ዓይኑ እንዲሁ እንደተከደነ ነበር?»

«እንዲሁ ነበር። የተኛ መስሎኝ ነው እኮ የምልሽ!»

«ትናንት ፈርቶ ነበር?»

ሉባባ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ሰው ሁሉ ሊበላው ሲደርስ መቼም አይፈራም አይባል። ማታ ስንዘጋጋ ግን ይስቅ ነበር። ‹እትዬ ሉባባ፣ ነገ ሁሉም ዝም ይላል፣ አንድ ስም አለኝ› አለኝ። ያንን ስም ስነግራቸው የጮሁብኝ ሁሉ ያፍራሉ ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።»

«የማን ስም?»

«ብለምነው መቼ ነገረኝ! ‹ጠዋት የስሙን ባለቤት ሳላስፈቅድ አልናገርም› አለኝ።»

ሰው ሁሉ ለምን ሊበላው እንደደረሰ ሠርክአዲስ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ትናንት በፍኖተ ሰላም ከዚያ በቀር ወሬ አልነበረም። እርካብ ቴክኖሎጂ የሚባል፣ እህል በስልክ የሚያሻሽጥ ድርጅት አለ። አክሲዮን ሲሸጥ ለዚህ አካባቢ ወኪሉ ወንዳወቅ ነበር። መምህሩ ገዛ፣ ነርሷ ገዛች፣ የበርበሬ ነጋዴው ገዛ፤ ከማንኩሳና ከቋሪት ከብቱን ሸጦ የገዛም ገበሬ አለ። አክሲዮኑ ገበያ ላይ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሰዉ ገና ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን ከፍቶ ዋጋ ማየት ለመደ። ወጣ ሲባል ቤት ሙሉ ሳቅ፣ ወረደ ሲባል ከሚስት ጋር ኩርፊያ።

ትናንት ታዲያ የድርጅቱ የዓመት ሪፖርት ወጣ። ትርፍ አለ፤ ግን ከተጠበቀው ያነሰ ነው፤ ለባለአክሲዮኖች ዘንድሮ የሚከፋፈል ነገር የለም ይላል። ይህችን የሰማ ሁሉ «ሽጥልኝ!» እያለ ወደ ወንዳወቅ ሮጠ። ሁሉም ሻጭ ሲሆን ገዢ ከየት ይምጣ? ከቀትር በኋላ ዋጋው ተንኮታኩቶ ከገዙበት እኩሌታ በታች ወረደ። አንዷ ሴትዮ ደጁ ላይ ተቀምጣ እንደ ለቅሶ ደረቷን ደቃች። ባዬ የሚባል የማንኩሳ ገበሬ ደግሞ ወንዳወቅን በኮሌታው አንቆ «በሬዎቼን በላህ! ደምህን ሳልጠጣ አልቀርም!» ሲል አገር ሰማው።

ክንዱ ባዬን ለማምጣት መኪናውን ያስነሣው ሠርክአዲስ ሳታዘው ነው።

ባዬ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሮ ተቀመጠ። ሃምሳ የሞላው፣ ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው ሰው ነው።

«ደምህን እጠጣለሁ ብለዋል፣ አያ ባዬ።»

«ብያለሁ፤ አልክድም። ያናገረኝ የበሬዎቼ ሐዘን ነው።»

«ዛሬ ማለዳ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። በቆሎ እፈለፍል ነበር።»

«ማን አየዎት?»

«ማን ያየኛል? በቆሎው አየኝ። ሚስቴ እናቷ ዘንድ ናት፣ ወንድሜ ይታገሱ ሲነጋ ወደ ቡሬ ወርዷል። እግዜር ግን አይቷል። የምትችይ ከሆነ እሱን ጠርተሽ ጠይቂው።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ስሚኝማ እህቴ፣ እኔስ እዚሁ ብቆይ ግድ የለም። ይታገሱ ከቡሬ ሲመለስ ከቤት እንዳይወጣ ንገሩልኝ። የሟቹ ወንድም ከቋሪት ተነሥቷል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔን ከዚህ ካጣኝ እሱን ነው የሚደፋብኝ።»

ሠርክአዲስ መልእክቱን በማስታወሻዋ ጻፈች። እውነቱን ነው። የባዬ ጥፋት ተረጋገጠም አልተረጋገጠም፣ አንድ ጊዜ ደም ተፈለገ ከተባለ ሕግ እስኪያጣራ የሚጠብቅ የለም። በልጅነቷ እንዲህ ሆኖ ሁለት ቤት ጠፍቷል፤ የሁለቱንም ቤት ሰዎች ታውቃቸዋለች።

የወንዳወቅ ታላቅ ወንድም ስመኘው የደረሰው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም መንገዱን እየሮጠ የመጣ ይመስል እግሩ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ጠመንጃውን በትከሻው እንዳነገተ ከጣቢያው ግቢ ቆመ። አላለቀሰም። ሠርክአዲስን ያስፈራት ይኸው አለማልቀሱ ነው።

«ሰውየው እዚህ ነው አሉ» አለ።

«የተያዘ ሰው አለ። ገዳዩ እሱ ይሁን አይሁን ገና ነው።»

«እናንተ ስታጣሩ ኑሩ። እኔ ያጣራሁትን አጣርቻለሁ። ካልሰጣችሁኝ ማንኩሳ ሩቅ አይደለም።»

«ስመኘው ልጄ!» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ጋሽ ዓለምብርሃን ጋቢያቸውን ተከናንበው በምርኩዛቸው እየተደገፉ ገቡ። ክንዱ ኮፍያውን አወለቀ፤ ከበሩ ዘብ ጀምሮ ሁሉም ብድግ አለ። የከተማው ትልቁ እድር ዳኛ ናቸው። ሰው ሲሞት ወንዱን የሚገንዙት እርሳቸው፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እርሳቸው ናቸው። የሠርክአዲስን አባት የገነዙትም እርሳቸው ነበሩ።

ስመኘው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ሽማግሌው ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ወንድምህ አፈር ሳይለብስ ሌላ ደም አይፈስም። ማልልኝ።»

«ጋሼ፣ ይተዉኝ።»

«በአባትህ አጥንት ማልልኝ!»

ስመኘው ከንፈሩን ነከሰ። «ወንድሜ አፈር እስኪለብስ። ከዚያ ወዲያ ግን እርስዎም አይያዙኝ።»

ሲወጣ ሠርክአዲስ እፎይ ብላ የሽማግሌውን እጅ ጨበጠች። እጃቸው ቀዝቅዟል።

«እግዜር ያክብርልኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ባይደርሱ...»

«ኪዳን ላይ ነበርሁ፣ ልጄ። ስወጣ ነው ጩኸቱን የሰማሁ።» ዓይናቸውን ወደ ባዬ ክፍል ወረወር አደረጉና መለሱት። «ምስኪን ነው፣ ይኼ ሰውዬ። በጎ አድርጋችሁ ያዙት።»

የእድሩ ዳኛ ማለዳ የት እንደነበሩ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ማንስ ይጠይቃል?

በማግስቱ ጠዋት ሠርክአዲስና ክንዱ ወደ ቡሬ ወረዱ። ክንዱ ያህያ የሚባል የእህል ነጋዴ ከትናንት በስቲያ የወደቀውን አክሲዮን ባገኘው ዋጋ ሲለቃቅም መዋሉን ሰምቶ ነበር። ሁሉ ሲያለቅስ አንድ ሰው ከሳቀ እሱን ጠይቅ ይላል ክንዱ፤ ለአንዴም ቢሆን ሠርክአዲስ ተስማማች።

ማንኩሳ ላይ ቆም አሉ። የባዬ ወንድም ይታገሱ ከደጃፉ ግንድ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሟል። በሩ ተከርችሟል። የተፈለፈለ በቆሎ ግቢው ሙሉ ተሰጥቷል፤ ዶሮዎች ገብተው ይበሉታል፣ እሽ የሚላቸው የለም።

«ቀብሩ ዛሬ ነው አሉ?» አላት።

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«እንግዲያ ከዘጠኝ በኋላ ይመጣሉ። እኔም ወዴትም አልሄድ። ወንድሜ ሳይገድል ገዳይ ከተባለ፣ እኔ ሳልገድል አልሞትም።»

«ይታገሱ፣ በሞቴ...»

«ሂጂ እህቴ፣ ሥራሽን ሥሪ። መፍትሔው አንቺ እጅ ነው ያለው።»

ሠርክአዲስ መኪናው ውስጥ ስትገባ ሰዓቷን አየች። ክንዱ ሳታዘው ፈጥኖ ነዳ።

ያህያ መጋዘኑ ውስጥ በጆንያ ክምር መካከል ተቀብሎ አስቀመጣቸው። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ዓይኑ ግን የማይቀልድ ሰው ነው።

«ሰው ሲሸሽ ገዛሁ። ወንጀል ነው እንዴ?»

«ሰው ሲሞት ይሆናል» አለች ሠርክአዲስ። «ትናንት ማለዳ የት ነበሩ?»

«ከሱብሂ ሶላት ወጥቼ ቀጥታ እዚህ። መኪና አስጭን ነበር። ጫኞቹ እነዚያውልህ፣ ጠይቃቸው ሳጅን። በስድቤ ያውቁኛል።»

ክንዱ ወጥቶ ጠየቀ፤ ተመልሶም ራሱን ነቀነቀ። ስድቡ ሳይቀር እውነት ነበር።

«ለመሆኑ ሁሉ ሲሸጥ እርስዎ ምን አይተው ገዙ?»

«ምን አያለሁ? ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ሌላው አንዷን መስመር ሰምቶ ሮጠ። ትርፉን ያልከፋፈሉት መጋዘን እየሠሩበት ስለሆነ ነው ይላል። ገበሬ እህሉን ለዘር ሲያስቀር ራቡ ገባበት ተብሎ ይለቀሳል? ትንሽ ቀን ይስጡት፣ ተመልሶ ይወጣል። ወንዳወቅም ይህንኑ ሲነግራቸው ነው የዋለው፤ ግን ማን ይስማው!»

«ወንዳወቅ ከተማውን ዝም የሚያሰኝ አንድ ስም አለኝ ብሎ ነበር። የእርስዎ ስም ነው?»

ያህያ ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «የእኔ ስም! ያህያ ገዛ ቢባል ፍኖተ ሰላም ‹ይሄ ነጋዴ ምን ሊያጭበረብር ነው› ብላ የባሰ ትሸበራለች። እንዲህ ያለው ስም የነጋዴ አይሆንም። የሹምም አይሆንም፣ በሹምማ ማን ይተማመናል? ሰው ያለውን ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰጠው ሰው ስም ነው።»

ሠርክአዲስ ከቡሬ ስትወጣ ይህች ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ እንደ ዝንብ ትዞርባት ነበር። የሆስፒታሉ ሐኪም የደወለላት ያን ጊዜ ነው።

«ምርመራውን ጨርሻለሁ፤ ሬሳውን ለቤተሰቡ አስረክበናል። የተመታው ከኋላ ነው፣ አንዴ። በግንባሩ ነው የወደቀው፤ ግንባሩ ተጭሯል። በጀርባው ያስተኛው ሌላ ሰው ነው።»

«ጣቶቹስ?»

«እሱን ልነግርሽ ነው የደወልሁ። የታሰሩት ከሞተ በኋላ ነው። ከክሩ ሥር ቆዳው ምንም አልሆነም። ክሩን በፖስታ አስቀምጬልሻለሁ።»

ስልኩን ዘጋች። ክንዱ መሪውን እንደያዘ ተገረመ።

«የሞተ ሰው አስሮ ምን ይጠቅመዋል? ሬሳው ይሮጥበታል?»

ሠርክአዲስ ሬሳውን መልሳ በሐሳቧ አየችው። ዓይኑ ተከድኖ፣ እግሩ ተገጥሞ፣ እጁ ደረቱ ላይ ሆኖ። ይህንን ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ሁለት ፖሊሶች ከራሱ ከሬሳው አናት ላይ ቆመው አላዩትም! ፖሊስ ሆኖ የታሰረ እጅ ሲያይ እስር ብቻ ነው የሚታየው።

«ክንዱ፣ አባትህ ሲያርፉ አውራ ጣታቸውን ማን አሰረ?»

መኪናው ወደ ጥጉ ወጣ ብሎ ቆመ። ክንዱ አፉን ከፍቶ አያት።

«ወየው! ገናዡ ናቸዋ።» ቀጥሎም በሹክሹክታ፦ «ኧረ አይሆንም፣ ኢንስፔክተር። ኧረ ተይ!»

አባቷ ያረፉ ለት ከጓዳው በር ቆማ ነበር። ጋሽ ዓለምብርሃን ከተዘጋጀው ድር አልወሰዱም። ከራሳቸው ጋቢ ዘርፍ አንድ ክር መዘዙና በመዳፋቸው አክርረው አሰሩ፤ «ከእኔም አንድ ክር ይዞ ይሂድ፣ እዚያ ሲደርስ ያስታውሰኛል» አሉ። ለሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ያን ቀን ከለቅሶው ሁሉ ልቧን የነካት ያቺ ክር ነበረች፤ ለስንት ጊዜ አመስግናቸዋለች።

ሰው ያለውን ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰጠው ማን ነው? ከተማው የሬሳ ማንሻ ገንዘቡን ሁሉ ሰብስቦ የሰጠው ለማን ነው?

ለደብሩ ቄስ ደወለች። «አባ፣ ትናንት ጋሽ ዓለምብርሃን ኪዳን ላይ ነበሩ?»

«አልነበሩምና፣ ልጄ። ቀርተው አያውቁም፣ ምነው አሟቸው ይሆን እንዴ እያልን ነበር። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲያው ነው፣ አባ» አለች። እንባዋ መጣባት፤ ንዴትም ነበረበት። «ንዳው» አለችው ክንዱን።

ክሩን ከሆስፒታሉ ተቀብለው ወንዳወቅ ተከራይቶ ከነበረው ቤት ሲደርሱ ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ድንኳኑ ተተክሏል። ሴቶች ያለቅሳሉ። ስመኘው ከአጥሩ ጥግ ከአራት የቋሪት ሰዎች ጋር ቆሟል፤ አምስቱም ታጥቀዋል። ከአጥሩ ውጭ ፒክአፕ መኪና ፊቱን ወደ ማንኩሳ መንገድ አዙሮ ይጠብቃል።

የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። ሠርክአዲስ በክፍተቱ አየች። ወንዳወቅ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ጋሽ ዓለምብርሃን አጠገቡ ተንበርክከው ከጋቢያቸው ዘርፍ አንድ ክር መዘዙ፤ በመዳፋቸው አከረሩት። እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ጣቶቹን ለማሰር ብዙ ደከሙ። የሁልጊዜዋን ቃል ግን አልተናገሩም።

ሲወጡ እየጠበቀቻቸው ነበር። «ጋሼ፣ ወደ ጓሮ ይምጡልኝ።»

ከጓሮው የእድሩ ወንበሮች ተከምረዋል። ፖስታውን ከፍታ ክሩን መዳፏ ላይ አደረገችው። ደም የነካው ጫፉ ጠቁሯል። ከጋቢያቸው ዘርፍ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያዘችው። አንድ ናቸው፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

ሽማግሌው ክሩን አዩት። ምርኩዛቸውን ለቀው ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጡ።

«እንዲያ ሆኖ ልተወው ኖሯል?» አሉ። «ዓይኑ እንደተከፈተ?»

«ለምን፣ ጋሼ? ለምን?»

«የእድሩ ገንዘብ ባንክ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ባንክ አይደለም። እዚያው አክሲዮን ውስጥ ነው። አስከሬን ከየገጠሩ በትከሻ ሲመጣ እያየሁ፣ ትርፉ መኪና ይገዛልናል አልሁ። ማንንም አላማከርሁ። ማን እምቢ ይለኛል ብዬ ነው።» የጋቢያቸውን ዘርፍ በእጃቸው ሰበሰቡ። «ሪፖርቱ ወጥቶ ያ ሁሉ ሲወርድ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማለዳ ወንዳወቅ ይምጡልኝ አለኝ። ደስ ብሎት ነበር እኮ! ‹የእድሩ ገንዘብ ሳይቀር እዚህ ነው ልበላቸው ጋሼ፣ የርስዎን ስም ሲሰሙ ይረጋጋሉ› አለኝ። ተው ልጄ አልሁት። በእግዜር ብዬ ለመንሁት። ‹ምን ያሳፍራል?› ብሎ ሳቀና ሊደውል ስልኩን አንሥቶ ዞረ። ብረቱ እጄ ሥር ነበር።»

«ባዬ ታስሮ ሲያድር ዝም አሉ!» አለች ሠርክአዲስ። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን አላወቀችውም። «ስመኘውን ያስማሉት ለማን ብለው ነው? ለባዬ ነው ለራስዎ?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ሌላ ሰው እንዳይሞት ብዬ ነበር። እንደዚያ ብዬ ነበር የመሰለኝ።»

ከፊት ለፊት ልቅሶው ከፍ አለ። ሬሳው ሊነሣ ነው።

«ልቅበረውና ውሰጅኝ» አሉ።

«አይሆንም። አፈር ከለበሰ በኋላ ስመኘው ማንኩሳ ነው የሚሄደው። ይታገሱም ጠመንጃውን ይዞ ይጠብቀዋል። እኔ ገዳዩ እርስዎ መሆንዎን ብነግረው ያምነኛል? ባዬን ልታድን በሽማግሌ ዋሸች ነው የሚል።»

ጋሽ ዓለምብርሃን ተነሡ። ጋቢያቸውን አውልቀው በእጇ አስያዟት። ጎንበስ ብለው ከጓሮው መሠረት ላይ የተረፈ ጥቁር ድንጋይ አነሡና በትከሻቸው ተሸከሙት። ይህንን ድንጋይ ሲያሸክሙ የኖሩት እርሳቸው ነበሩ። ደም ያፈሰሰ ወገን ምሕረት ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ የሚወድቀው በእርሳቸው ፊት ነው።

ግቢው ሲያያቸው መንገድ ለቀቀላቸው። ለባዬ ሊለምኑ ነው ብሎ ያላሰበ አልነበረም፤ አንዳንዱም «አይ ጋሼ!» እያለ እንባውን ጠረገ። ስመኘው ፊት ሲደርሱ በጉልበታቸው ወደቁ። እሱ ደንግጦ ሊያነሣቸው ሮጠ።

«ኧረ ይነሡ፣ ጋሼ! ለዚያ ሰውዬ ብለው እርስዎ ድንጋይ ይሸከማሉ? አያሳፍሩኝ!»

«ለባዬ አይደለም» አሉ።

ስመኘው ክንዳቸውን እንደያዘ ቀረ።

«ባዬ እጁ ንጹሕ ነው። ወንድምህን የገደልሁት እኔ ነኝ። ይኸው፣ እኔ ነኝ።»

ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች። ስመኘው ክንዳቸውን ለቆ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ጠመንጃው መቼ ከትከሻው እንደወረደ ሠርክአዲስ አላየችም። በመካከላቸው ገብታ ቆመች። ሽጉጧን አልነካችም። ጋቢውን በደረቷ አቅፋ፣ አፈሙዙ ደረቷ ላይ ሆኖ፣ «ስመኘው» አለችው፣ «የማልህለትን ሰው ዛሬ ብትገድል ቢያንስ የማንን ደም እንደመለስህ ታውቃለህ። ትናንት ቢሆን የይታገሱን ልጆች ነበር አባት የምታሳጣ። እርሱን አስብና ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ።»

ስመኘው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ሽማግሌውን አየ።

«ሁለት ቀን ሙሉ ጭንቅላቴን አቅፈው ያጽናኑኝ እርስዎ ነዎት» አለ። «አሁን እዚያ ውስጥ ወንድሜን የገነዙት እርስዎ ነዎት!»

«እኔ ነኝ።»

ጠመንጃው መሬት ላይ ወደቀ። ስመኘው አጠገቡ ተቀመጠ፤ ከመጣ ጀምሮ ያልወጣለት ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። ክንዱ ድንጋዩን ከሽማግሌው ትከሻ አወረደው፤ እጃቸውን ሲይዝ እሱም ያለቅስ ነበር።

ቀብሩ ያለ እድር ዳኛ ተፈጸመ። ቃሬዛውን ማን ይምራው፣ ማን ይለፍ የሚል ጠፍቶ ሰዉ እርስ በርሱ ተደነቃቀፈ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ከጣቢያ የተለቀቀው ባዬ እየሮጠ ደረሰና ማንንም ሳይጠይቅ ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ያዘ። ሌላውን ጫፍ የያዘው ስመኘው ነበር። አየው፤ ምንም አላለውም፤ አብረው ገቡ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሠርክአዲስ ቢሮዋ ውስጥ ጋቢውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ኤግዚቢት ልታስመዘግብ ተቀምጣ ነበር። ክንዱ በሩን በርግዶ ገባ፤ ስልኩን ዓይኑ ሥር ይዟል።

«ኢንስፔክተር፣ ተመለሰኮ!»

«ማን?»

«ዋጋው ነዋ! ከሪፖርቱ በፊት ወደነበረበት ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ያህያ እንዳለው! ከወንዳወቅ ሱቅ ደጅ ሰው ተሰልፏል አሉ፣ ወኪል ካለ ተጨማሪ እንግዛ እያለ። የእድሩም ገንዘብ አልጠፋም ማለት ነው። ይታይሽ፣ ትንሽ ቢታገሱ ኖሮ...»

ፊቷን ሲያይ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶት ወጣ።

ሠርክአዲስ ብዕሯን አስቀመጠች። የጋቢው አንዱ ወገን ዘርፉ እንዳለ ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። ሌላው ወገን ግን ከዳር እስከ ዳር ተመዝዞ ተራቁቷል። ለከተማው ሙታን ሁሉ አንድ አንድ ክር። በመጨረሻው ጥግ ሁለት አዲስ ክፍተት አለ፤ ሁለቱም የወንዳወቅ ናቸው። የአባቷ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በጣቷ ቀስ እያለች ዳሰሰችው። አላወቀችውም። ጣቷን ግን ማንሣት አቃታት።